ከማን ጋር ነው የመጡት?

ይህን የምጽፍላችሁ ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ከበረደ አልጽፈውም፤ ሰው ከተረጋጋ በኋላ ሁሉንም «እንዲያው ለእኔው ብለው ነው» ብሎ ይተወዋል። ለእኔው ብለው እንደሆነማ አላጣሁትም። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ግርማ እባላለሁ፤ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ ድሬዳዋ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ስጠግን ነው። ወደ ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነበር፣ የምመለሰውም በብስክሌት። ድሬ ሜዳ ናት፤ በእኛ ጊዜ እዚህ ብስክሌት የሌለው ሰው ጫማ እንደሌለው ነበር የሚቆጠረው። ጡረታ ስወጣ ፋብሪካው ቀረ እንጂ ብስክሌቱ አልቀረም። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር እነሣና በመልካ ጀብዱ በኩል እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ደርሼ እመለሳለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ ከወዳጄ ከኢብራሂም ጋር የደንገጎን ዳገት እንወጣለን። ደንገጎን ለማታውቁት፣ ከድሬ ወደ ሐረር ሲኬድ የጭነት መኪና እያቃሰተ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ነው። እኛ ላይ ደርሰን፣ ነፋስ ተቀብለን፣ ያለፈ ያገደመውን አምተን እንወርዳለን። ኢብራሂም ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣል። ከእኔ በአንድ ዓመት ስለሚያንስ ዳገቱ ላይ ሲደክመው «ታላቅ ይቅደም» እያለ ከኋላ ይቀራል።

ዳገት አልፈራም። ምርመራ ግን እፈራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ሽፈራው በእግሩ ሐኪም ቤት ገብቶ ነው የቀረው፤ ምን እንደያዘው ሳያውቅ ሞተ። አጎቶቻችን ያውቁ ነበር፤ ለእሱ አልነገሩትም፤ እኔም ልጅ ነኝ ተብዬ አልተነገረኝም። ሊሞት አካባቢ እጄን ይዞ «ግርማ፣ ምንድን ነው ያመመኝ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት፤ እውነቴን ነበር። አላመነኝም። አንተም ደበቅከኝ ብሎ እንደተቀየመኝ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋውን ባየሁ ቁጥር መዳፌን ያልበኛል።

ልጄ ሜሮን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ቢሮ ትሠራለች። የሥራ ባልደረባዋ አባት በድንገት ከሞቱ በኋላ «አባዬ፣ አንድ ጊዜ ታይ፤ ለእኔ ስትል» እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ። ምንም አላመመኝም ብል ወይ ፍንክች። የእኛ ሁዳዴና የእነ ኢብራሂም ረመዳን አንድ ላይ የገቡበት ሰሞን ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ካለች አንዲት ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ስሟን አልጠራም።

ነርሷ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንዴ ላይ ስትጠመጥም ልቤ ድው ድው ሲል ጆሮዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። ለካችና ቅንድቧን አነሣች። ደግማ ለካች፤ ባሰ።

«አባባ፣ ይረጋጉ» አለችኝ።

ተረጋጋ ሲሉት የሚረጋጋ ሰው አይቼ አላውቅም። «አባባ» መባሉም አላረጋጋኝም። ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ፤ ሜሮን ውጭ ቀረች። በቅርብ ከደጋ የመጣ፣ ጢሙ ገና ያልጠና ወጣት ነው። ጥያቄውን እንደ ዳዊት ያንበለብለዋል፤ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

«ሲጋራ?»

«የለም።»

«ጫት?»

«ድሮ ትቻለሁ።»

«ስፖርት ይሠራሉ?»

«ኧረ በዚህ ዕድሜዬ ምን ስፖርት አለ ልጄ።»

«ሥራዎ?»

«ጡረተኛ።»

ይህችን መልሴን ያዙልኝ። አልዋሸሁትም። ስፖርት ማለት ለእኔ ኳስ ነው፣ ወይም እነዚያ ወጣቶች መስተዋት ፊት ብረት የሚያነሱበት ቤት። ብስክሌት መንዳትን ስፖርት የሚል የድሬ ሽማግሌ ካገኛችሁ አሳዩኝ። ብስክሌት መሄጃ ነው። ሐኪሙ «በእግርዎ ይሄዳሉ?» ብሎ ቢጠይቀኝም ያው «አዎ፣ እንደ ሰው» ነበር የምለው።

ቀጥሎ አልጋ ላይ አስተኝተው ደረቴ ላይ የልብ ምት የሚያነበውን የኢሲጂ ማሽን ሽቦዎች ለጣጠፉብኝ። እኔ ለፍርሃት አንድ ዘዴ አለችኝ። ዓይኔን እጨፍንና በሐሳቤ ደንገጎን እወጣለሁ። መጀመሪያ ከታች ያለውን ቀጥታ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ጥምዝ፣ ከዚያ ሁልጊዜ ፍየል የማይጠፋበትን ድንጋያማውን፤ እያንዳንዱን ቀስ እያልኩ፣ ትንፋሼን ከፔዳሉ ጋር እያስማማሁ። ያን ዕለትም ወጣሁት። ላይ ስደርስ መዳፌ ደርቆ ነበር። እንዲያውም ሊያንቀላፋኝ ነበር።

ሐኪሙ ማሽኑ ያወጣውን ወረቀት ይዞ ቆመ። ብዙ አየው። እኔን አየኝ፤ መልሶ ወረቀቱን አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«አባባ፣ ከማን ጋር ነው የመጡት?» አለኝ።

ይህች ጥያቄ ምን እንደምትል የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም። ምንም የሌለበትን ሰው ከማን ጋር መጣህ አይሉትም።

«ምነው? ለእኔ ንገረኝ» አልኩት።

«አይ፣ ምንም አይደለም። ቤተሰብ አብሮ አለ?»

ሜሮን ተጠርታ ገባች። እኔ እንድወጣ ተደረግሁ። በሩ በላዬ ተዘጋ። የተመረመረው የእኔ ደረት ነው፣ ልብሱን አውልቆ የተኛው እኔ ነኝ፣ ስለ እኔ ልብ የሚወራው ግን እኔ በሌለሁበት ነው። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስለ ጡት ማጥባት የሚናገር ማስታወቂያ እየደጋገምኩ አነበብኩት። ሜሮን ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

«ምንም አይደለም አባዬ። ትንሽ ድካም ነው አለ።»

ስንመጣ በእግራችን ነበር፤ ስንመለስ ባጃጅ ጠራች። ሾፌሩን «ቀስ በል እሺ፣ ጉድጓድ እንዳትገባ» አለችው። እኔን ዕንቁላል አደረገችኝ።

በማግስቱ እሑድ ነው። ለደንገጎ ልነሣ ብስክሌቴ የምትቆምበትን ጥግ ባይ ባዶ ነው።

«ጎማዋ ተንፍሶ ነበር» አለች ባለቤቴ ዘነቡ ሳታየኝ። «ኢብሮ ሊያሠራልህ ማታ መጥቶ ወሰዳት።»

የብስክሌቴን ጎማ ከፋብሪካ ጀምሮ ከራሴ በቀር ማንም ሠርቶት አያውቅም። ደግሞስ ኢብራሂም እኔን ሳያነጋግር ከቤቴ ዕቃ መውሰድ ከመቼ ወዲህ ነው የጀመረው? ነገሩን ዋጥኩት። ቁርስ ሲቀርብ ግን መዋጥ አቃተኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወተት ነዋ።»

«በሁዳዴ?»

«የነፍስ አባትህ ፈቅደውልሃል። ጾሙ ይቅርብህ ብለዋል።»

«እኔ መቼ ጠየቅኳቸው?»

ዘነቡ ወደ ጓዳ ገባች። ዘነቡ ማለት በጾም ከእኔ ጣት ላይ የቅቤ ሽታ ብታገኝ ሳሙና ይዛ የምትከተለኝ ሴት ናት። የእሷ እጅ በሁዳዴ ወተት ካቀረበልኝ ነገሬ አልቋል ማለት ነው። ወተቱን ለድመቷ ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ጎረቤት ብርቱካን እየያዘ ይገባል። «እንዲያው በዚህ ሳልፍ ነው» ይላል ሁሉም፤ ቤታችን ግን የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው፣ በዚያ የሚታለፍበት አገር የለም። ተቀምጠው ያዩኛል። «ፊትህ ጥሩ ነው» ይሉኛል። ስለ ፊቴ ሰው አውርቶ አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና ሲጀምር እንዳልደነግጥ ሜሮን ትዘጋዋለች። ወጡ ጨው የለውም። የዕድራችን ዳኛ ሳይቀሩ መጡ፤ ስለ ሙቀቱ ሁለት ነገር አውርተው ሲወጡ ግቢው መሃል ቆም ብለው ከአጥር እስከ አጥር በዓይናቸው ለኩ። ድንኳኑ የት እንደሚተከል እያሰቡ እንደነበር በልጄ እምላለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ሰፈሩ ሁሉ የሰማውን ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። ከንዴቱ ሥር ፍርሃት ነበር። ሲነግሯችሁ የምትፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ሳይነግሯችሁ ሲቀሩ ግን ሁሉንም ነው የምትፈሩት። ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ የደም ሥሬን ሳዳምጥ እውላለሁ። ጎኔን ወጋኝ፣ ግራ እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሼ አጠረ። የሌለብኝን ሁሉ ታመምኩ። ሽፈራው ይመጣብኛል። አሁን ነው የገባኝ፣ እያልኩ አወራዋለሁ፣ አሁን ነው እጄን ለምን እንዳጠበቅከው የገባኝ።

አንድ ቀን ዘነቡን ብቻዋን አገኘኋት።

«ምን አሏችሁ?»

«ምንም።»

«ማርያምን በይ።»

«በጾም አልምልም» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። አላዘንኩላትም። ያን ጊዜ ለማንም የሚሆን ሐዘን አልነበረኝም።

ነገሩ የፈነዳው ወንድሟ መኮንን ከሐረር የመጣ ዕለት ነው። መኮንን ጨዋ ሰው ነው፣ ውሸት ግን አልፈጠረበትም። ምሳ ቀርቦ ሁላችንም እንደተቀመጥን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ግርማ፣ አዲስ አበባ ሰርግ ተጠርተናል። ለምን አብረን አንሄድም? አየርም ትለውጣለህ።»

«የማን ሰርግ?»

«የአክስታችን የልጅ ልጅ።»

«መቼ?»

«የሚመጣው ሳምንት ነው።»

ጉርሻዬን ወደ ትሪው መለስኩት። ከፊታችን ያለው ሽሮ ነው፤ ከሽሮው አጠገብ ያለው ጎመን ነው።

«በሁዳዴ ነው የምትድረው አክስታችሁ?»

ሜሮን «ምርቃት ማለቱ ነው» አለች። ዘነቡ ደግሞ በዚያው ቅጽበት «ቀለበት ማለቱ ነው» አለች። መኮንን አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን እያየ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ተነሣሁ። «ስሙኝ» አልኳቸው። «ልብ የተባለ እንደሆነ የእኔ ነው። ደካማ ከሆነ እኔን ነው የሚያደክመው፤ የቆመ ዕለትም እኔን ነው ይዞ የሚቆመው። መኮንን ያውቃል፣ የነፍስ አባቴ ያውቃሉ፣ የዕድር ዳኛው ያውቃሉ፣ እኔ አላውቅም። እኔ እዚህ ቤት ማን ነኝ? ከብት እንኳ ሊታረድ ሲል ቢላ ያያል።»

«ዶክተሩ እንዳይደነግጥ ብሎን ነው» አለች ዘነቡ እያለቀሰች።

«ይኸው ደነገጥኩ። አሁን ንገሩኛ።»

ማንም አልነገረኝም። ሜሮን እግሬ ሥር ተንበርክካ «አባዬ በናትህ ተቀመጥ፣ አትቆጣ፣ ለልብህ ጥሩ አይደለም» ብቻ ትላለች። ልብ መሆኑን አስቀድሜ ጠርጥሬ ነበር፤ ከአፏ ስሰማው እርግጥ ሆነ። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። በዚያ በቀትር፣ ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት፣ በእግሬ ወደ ቀፊራ አመራሁ።

ኢብራሂም ሱቁ ውስጥ፣ ረመዳን አፉን አድርቆት፣ በርበሬ ማዳበሪያ ላይ ተደግፎ ነበር። ሲያየኝ ዘሎ ተነሣ።

«ወሪያ፣ አንተ በዚህ ፀሐይ በእግርህ መጣህ? ተቀመጥ አቦ፣ ተቀመጥ።»

«ሳይክሌ የት አለች?»

«ጎማዋ...»

«ኢብሮ። ጾመኛ ነህ። አትዋሽ።»

አጎነበሰ። ከዝንጅብል ጆንያዎቹ ኋላ፣ አሮጌ ሽርጥ የለበሰች ብስክሌቴን አየኋት። ሁለቱም ጎማዎቿ ድንጋይ የመሰሉ ናቸው።

«ወላሂ እኔ አልፈለግኩም» አለ። «ሜሮን አልቅሳ መጣች። እንደ ልጄ ናት፣ ምን ልበላት? ልብህ እየደከመ ነው፣ ምቱ በጣም ዘግይቷል አለ ሐኪሙ። ግፊትህም ጣራ ነክቷል። በድንገት ቀጥ ሊል ይችላል፣ አዲስ አበባ ተወስዶ ደረቱ ውስጥ ማሽን ይገባለት አለ። ሳይክል የነካ ዕለት ወየው አለች። ታዲያ ምን ላርግ አቦ? ዳገት ላይ እጄ ላይ ብትሞትስ?»

ከዚያ ይህ ጉደኛ ሰው፣ ገበያው ሁሉ የሚፈራው ተከራካሪ፣ የትከሻውን ፎጣ ጫፍ ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔ ግን፣ ታምኑኛላችሁ፣ አየር ያገኘሁ መሰለኝ። መጥፎ ወሬ ነው። ግን መጠን አለው፣ ስም አለው፣ ልይዘው እችላለሁ። ስንት ቀን ሙሉ ፍርሃቱ ያዘኝ እንጂ እኔ የምይዘው አልነበረኝም።

«ስጠኝ» አልኩት።

«አልሰጥህም።»

«ኢብሮ፣ አንተ ብትሆን እኔ እደብቅህ ነበር?»

ሽርጡን ገፈፈና ብስክሌቷን ወደ በሩ ገፋልኝ። «ቀስ በል» አለ ብቻ።

የመጀመሪያዋን ፔዳል ረገጥኩ። ልቤ እዚያው ገበያው መሃል፣ ሽንኩርትና ካሮት ላይ ይዞኝ ቢወድቅስ አልኩ። ሁለተኛዋን ረገጥኩ። ሦስተኛዋን አላሰብኳትም። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግሬ የከዚራ ዛፎች ጥላ ውስጥ ስገባ፣ ሰውነቴ የሚያውቀውን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ጎኔ አይወጋኝም፣ እጄም አልደነዘዘም። ንዴቴ ብቻ ነበር ከእኔ ጋር የሚነዳው።

ክሊኒኳ በር ላይ አቆምኳትና ነርሷ «አባባ፣ ተራ» ስትል ጥያት ገባሁ። ሐኪሙ ብቻውን ነበር። በላብ ተነክሬ ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«አባባ፣ ምነው? ከማን ጋር መጡ?»

«ከሳይክሌ ጋር ነው የመጣሁት» አልኩት። «አባትህ አይደለሁም፣ አባባ አትበለኝ። ግርማ ነው ስሜ። ልቤን በተመለከተ ለልጄ የነገርካትን ለእኔ ንገረኝ። ሳልሰማ ከዚህ ወንበር አልነሣም።»

እሱ ግን የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

«በሳይክል? ከየት?»

«ከቀፊራ።»

«በዚህ ሰዓት? ሳይክል... ሁልጊዜ ይነዳሉ?»

«ታዲያ በምን ልሂድ? ጠዋት ጠዋት ኢንዱስትሪ ፓርክ ደርሼ እመለሳለሁ፤ እሑድ ደንገጎን እወጣለሁ።»

«ደንገጎን? በሳይክል?» ተቀመጠ። «ስንት ዓመትዎ ነው ብለውኝ ነበር?»

«ስድሳ ስምንት። እዚያው ኮምፒውተርህ ላይ አለ።»

«ጋሽ ግርማ፣ ስፖርት ይሠራሉ ወይ ስልዎ የለም አላሉኝም?»

«ይሄ ምኑ ነው ስፖርት?»

ሐኪሙ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሲለቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓይኔ አየ። ከዚያ እንደ ሰው አወራኝ። ዕድሜ ልኩን ብስክሌት የሚነዳ ሰው ልቡ እንደሚጠነክር፣ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ ቀስ ብሎ መምታት እንደሚበቃው ነገረኝ። ለተቀመጠ ጡረተኛ የሚያሰጋው ያ የዘገየ ምት ደንገጎን ለሚወጣ ሰው ላያሰጋ ይችላል አለኝ። ግፊቱም የፍርሃት ሊሆን ይችላል፤ ቤቴ ተረጋግቼ እየለካሁ ላምጣለት፤ ልቤም በአልትራሳውንድ ይታይ። አልጋው ላይ ሆኜ በሐሳቤ ዳገት እወጣ እንደነበር ስነግረው ደግሞ ሳቁ አመለጠው። ያን ያህል ቀስ ያለው ለካ እዚያው ተኝቼ ስላረጋጋሁት ጭምር ነው።

«ላያሰጋ ይችላል ነው እንጂ አያሰጋም አላልክም» አልኩት።

«አላልኩም። እስኪታይ ድረስ አላውቅም።»

ይህን መልስ ወደድኩለት። አለማወቁን ለእኔ ነገረኝ።

«ታዲያ ይህን ያን ቀን ለምን ለእኔ አላልከኝም? ብትነግረኝ ኖሮ እዚያው ላይ ሳይክሉ ይነሣ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደለህ፤ እኔን አስወጥተህ ጠያቂውንና ተጠያቂውን ለያየህ።»

«እኛ አገር ለቤተሰብ ነው የሚነገረው፤ እንደዚያ ነው ያደግነው» አለ። «አባቴም ሲታመም እንደዚያው ነው ያደረግነው።»

«አባትህ ምን አለህ?»

«አልጠየቀኝም።»

«ጠይቆሃል። በአፉ ባይሆን በዓይኑ ጠይቆሃል» አልኩት። ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። በእሱ ላይ የነበረኝ ንዴት እዚያ ላይ ትንሽ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ኋላ ልቤ ታየ፤ ደህና ነው አሉ። ግፊቴ ቤቴ ውስጥ ስለካው ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ እዚያ ክሊኒክ እንደታየው አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት አንዲት ኪኒን እውጣለሁ። አሁንም ጨርቁ ክንዴ ላይ ሲጠመጠም እፈራለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ደንገጎን እወጣለሁ፤ እየወጣሁ መሆኑን ግን ቀድሜ እናገራለሁ። ቤተሰቤ እፎይ አለ። ዘነቡ ስለት አስገባች። መኮንን ደውሎ «ሰርጉ ተሰረዘ» ሲለኝ አብሬው ሳቅኩ። ከዕድሩ ዳኛ ጋር ግን እስከ አሁን ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው።

ሁሉም «እንኳን ደስ ያለህ፣ ተሳስተው ነው» ይሉኛል። እኔን ያናደደኝ ግን መሳሳታቸው አይደለም። ሰው ይሳሳታል። እውነት ልሞት ብሆን ኖሮስ? ያን ጊዜ መደበቃቸው ልክ ሊሆን ነበር? የምታረቀውን ሰው ሳልታረቅ፣ ለኢብሮ የምለውን ሳልለው፣ በሁዳዴ ሰርግ እየተባልኩ በውሸት ታዝዬ ልሄድ ነበር። ሽፈራውን አስቡት። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመካከላችሁ አንዷ አሁን ጓዳ ውስጥ ቆማ ስለ አንድ በሽተኛ በሹክሹክታ እያወራች ይሆናል። በሽተኛው ይሰማል እኮ። ቃሉን አይሰማ ይሆናል፤ ሹክሹክታውን ግን ይሰማል።

ይህን ሁሉ ስናገር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ክረምት ዘነቡ ሰውነቷ ከሳ፤ እዚያችው ክሊኒክ ወሰድኳት። ምርመራው አልቆ ኮሪደሩ ላይ አብረን ተቀምጠን ሳለ ያው ወጣት ሐኪም በሩን ከፈተ። አየኝ። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ያ ወረቀት ይዞ የቆመበት ፊት ነው።

«ጋሽ ግርማ፣ እርስዎ አንዴ ቢገቡ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ልደብቃችሁ አልችልም፤ ጉሮሮዬ ላይ «አትንገራት» የሚል ቃል መጣ። ተዘጋጅቶ፣ ተቀምጦ የሚጠብቅ ቃል ነበር። ፊቷን ታጥባ የወጣችው ሜሮን ያን ጊዜ ገባችኝ። የሚወዱትን ሰው ማትረፍ ሲያቅት ቢያንስ ወሬውን ልሸከምለት ይላል ሰው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ከክፋት አለመምጣቱ ነው።

ዘነቡ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ፣ እኔን እያየችኝ ነበር። በአፏ ምንም አላለችም።

እጄን ዘረጋሁላት። «ተነሺ ዘነቡ» አልኳት፤ «አንቺን ነው የሚጠሩት።»

አብረን ገባን። እሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላዋ ቆምኩ፤ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረና ለእሷ ነገራት። የምትጠይቀውን ጠየቀች፣ እሱም መለሰላት።

ምን አላት ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። እኔን አትጠይቁኝ። ዘነቡ ቤት ናት፤ እሷን ጠይቋት።